ኤሊዋና እኔ፦ ከ14 ወር በኋላ የተጻፈ የእርምጃ መቁጠሪያ አፕ ግምገማ

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ። መብራት ሳላበራ፣ በካልሲ ብቻ፣ ከመኝታ ቤቴ በር እስከ ኮሪደሩ ጫፍ እመላለሳለሁ። ደርሶ መልሱ 22 እርምጃ ነው። ዕድሜዬን ሂሳብ ሳስተምር ስለኖርኩ 14 ምልልስ እንደሚቀረኝ ለማስላት ጊዜ አልወሰደብኝም። ቀኑ የሚዘጋው 6 ሰዓት ላይ ነው። ልጄ በሯን ከፍታ፣ ዓይኗን እያሸች፣

«እማ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለችኝ።

«ሦስት መቶ እርምጃ።»

ትንሽ አየችኝ፤ ከዚያ ምንም ሳትል በሩን መልሳ ዘጋችው። እኔም ሦስት መቶዬን ጨርሼ፣ ስልኬ ላይ ኤሊዋ ስትጨፍር አይቼ ተኛሁ።

ይህ ግምገማ ስለዚያች ኤሊና ስለምትኖርበት አፕ ነው። ስሙን አልጠራም። የምወቅሰው ነገር አብዛኛው የእሱ ብቻ አይደለም፤ እርምጃ የሚቆጥር፣ ቋንቋ የሚያስተምር ወይም «ውሃ ጠጣ» እያለ የሚነዘንዝ አፕ ስልካችሁ ላይ ካለ የምለውን ታውቁታላችሁ። ነጥብ ይሰጣል፣ ደረጃ ያወጣል፣ ተከታታይ ቀን ይቆጥራል፣ ባጅ ይሸልማል። የሙያው ሰዎች ነገሩን ጌሚፊኬሽን ይሉታል። ጨዋታ ያልሆነን ነገር የጨዋታ ልብስ ማልበስ ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ2002 የፈጠረው ኒክ ፔሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ ፕሮግራመር ነው። ቃሉ ለጆሮ ይከብዳል፤ ሥራው ግን በጣም ቀላልና በጣም ብርቱ ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ ገምጋሚውን ካላወቃችሁ ግምገማው አይጠቅማችሁም። 58 ዓመቴ ነው። 31 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ወንበር ለመድኩ፤ ሐኪሜ የደም ስኳሬ ወደ ላይ እየተሳበ መሆኑን ነግሮኝ «መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት እስቲ ይራመዱ» አለኝ። አፑን የጫነችልኝ ልጄ ናት። ሙያዋም ይኸው ነው፤ የስልክ አፖች ገጽታና አጠቃቀም ትነድፋለች። እዚህ ከምጽፈው ግማሹ ከእሷ ጋር ስንከራከር ያገኘሁት ነው። ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ እስካሁን አልተስማማንም።

ስለ ቁጥሩ ትክክለኛነት ልጀምር፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። አምስት ጊዜ 500 እርምጃ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ተራመድኩ። ስልኩ ሱሪ ኪስ ውስጥ ሲሆን 496፣ 503፣ 489፣ 501 እና 494 አለኝ። በጣም ጥሩ ነው፤ እንዲህ የሚመልስ ተማሪ ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር። ትልቅ ቦርሳ ውስጥ ስከተው ግን ወደ 440 ወረደ። የዕቃ ጋሪ እየገፋሁ ስልኩን ጋሪው ላይ ሳስቀምጠው ደግሞ 60 እንኳ አልሞላም። ከዚያ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እግሬን አጣጥፌ፣ ስልኩን 500 ጊዜ ነቀነቅኩት። 472 እርምጃ ሰጠኝ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስልኩ እግር አያይም። አክሰለሮሜትር የሚባለው ትንሽ ክፍል የፍጥነት ለውጥን በሦስት አቅጣጫ ይለካል። ስንራመድ ሰውነታችን ከፍ ዝቅ ሲል ልኬቱ ላይ ጉብታ ይወጣል፤ ሶፍትዌሩ በተቀራረበ ጊዜ የሚደጋገሙትን ጉብታዎች እየለቀመ «እርምጃ» ይላቸዋል። ጉብታውን ያመጣው ጉልበትሽ ይሁን ክንድሽ የሚለይበት መንገድ የለውም፣ ወይም ቢኖረውም ይህኛው አፕ አልተጨነቀበትም። ይህን የ472 ውጤት አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጨዋታው። አፑን ከፍቼ ስሜንና ዕድሜዬን እንዳስገባሁ፣ አንድ እርምጃ ሳልራመድ፣ የመጀመሪያው ደረጃ መለኪያ 20 በመቶ ሞልቶ ጠበቀኝ። «ጥሩ ጀምረሃል!» ይላል። ምን ጀምሬ? ልጄ ሳቀች። ሁለት ተመራማሪዎች፣ ጆሴፍ ኑኔስና ዣቪየር ድሬዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙትን ጥናት ነገረችኝ። ለመኪና እጥበት ደንበኞች 300 ካርድ አደሉ። ግማሹ ካርድ ስምንት ማህተም ሲሞላ አንድ ነጻ እጥበት ያስገኛል። ሌላው ግማሽ አሥር ቦታ አለው፣ ግን ሁለቱ አስቀድመው ማህተም ተመትቶባቸዋል። ለሁለቱም ወገን የሚቀረው እኩል ስምንት ነው። ስምንት ቦታ ያለውን ካርድ 19 በመቶ ሰዎች ሞሉት፤ አሥር ቦታ ያለውን ግን 34 በመቶ። ባዶ መስመር ላይ መቆምና የተጀመረ መንገድ ላይ መቆም ለልብ አንድ አይደለም። እንደ ሂሳብ አስተማሪ «8 እኩል ነው 8» ብዬ ልቆጣ አስቤ ነበር። ግን በሦስተኛው ቀን መለኪያውን ለመሙላት ከእራት በኋላ ወጥቼ ተራመድኩ።

«ጀምረሃል» ያለኝን አስተውላችኋል? አፑ አማርኛ ይናገራል፤ ይህን አደንቃለሁ። የሚያውቀው አማርኛ ግን «አንተ» ብቻ ነው። ፆታዬን ጠይቆኛል፣ ነግሬዋለሁ፣ ካሎሪ ለማስላት ይጠቀምበታል። ከዚያ ዞር ብሎ «ጀግናው! ዛሬም አላሳፈርከንም!» ይለኛል። ለአንዲት የ58 ዓመት ሴት። «አንቱ» እንዲለኝ አልጠበቅኩም፣ ግን አንድ የፊደል ለውጥ ምን ያህል ይከብዳል? ተማሪዎቼ የክፍሉ ሥራ ላይ ስማቸውን ሳይጽፉ ሲሰጡኝ አንድ ነጥብ እቀንስ ነበር። እዚህም አንድ ቀንሻለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ መልካም ነበሩ። ከቀን 2,100 ተነስቼ 3,000፣ ከዚያ 4,500 ደረስኩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት በራሴ እግር አየሁት። በየሳምንቱ እሑድ የሚመጣው ግራፍ ወደ ላይ እያዘነበለ ሲሄድ፣ ያለፈውን ሳምንት ከዚህኛው ጋር አስተያይቼ ስደሰት፣ ማንም አላስገደደኝም። ቁጥሩ ስለ እኔ አንድ ነገር ይነግረኝ ነበር፤ የማላውቀውን ነገር። በቀን ስንት ሰዓት እንደምቀመጥ ያወቅሁት በዚህ አፕ ነው፤ ሳየው አፍሬ ነበር። በየ50 ደቂቃው «ተነስ» የሚለው ማሳሰቢያ እስከ ዛሬ አልዘጋሁትም።

ከዚያ 10,000 መጣ።

አፑ ሌላ ቁጥር እንድትመርጡ ይፈቅዳል፤ ሴቲንግ ውስጥ አራት በር ከፍታችሁ ስትገቡ ታገኙታላችሁ። ግን ወርቃማው ባጅ የሚገኘው በ10,000 ብቻ ነው፣ ኤሊዋም የምትጨፍረው በ10,000 ብቻ ነው። ይህን ቁጥር የትኛው ሐኪም አወጣው ብዬ ፈለግኩ። ሐኪም አይደለም። ከ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ያማሳ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አወጣ። ስሙን «ማንፖ-ኬይ» አለው፤ ትርጉሙ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ነው። ለአፍ የሚመች ክብ ቁጥር፣ ጥሩ የዕቃ ስም። ይኸው ስም ነው ዓለምን ዞሮ የጤና ሕግ የመሰለው።

እ.ኤ.አ. በ2019 አይ-ሚን ሊ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ከ16,000 በላይ ሴቶችን ተከታትለው ያሳተሙት ጥናት አለ። በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚራመዱት፣ 2,700 ያህል ከሚራመዱት ይልቅ በክትትሉ ጊዜ የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጥቅሙ እየጨመረ ሄዶ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ከፍታው ያበቃል። ጥናቱ ዝምድና እንጂ መንስኤ አያረጋግጥም፤ ጤነኛ ሰው በራሱ ብዙ ሊራመድ ይችላል። ቢሆንም እኔ 6,000 እርምጃ በተራመድኩባቸው ቀናት «ግብህን አልመታህም» ስባል የከረምኩት በአንድ የድሮ ዕቃ ስም ምክንያት ነው ማለት ነው። ኮሪደሩ ላይ ያሳደድኳቸው 300 እርምጃዎች ለልቤም ለስኳሬም ምንም አልነበሩም። ለኤሊዋ ብቻ ነበሩ።

ተከታታይ ቀን ስለሚባለው ነገር ብዙ የምለው አለኝ፤ የአፑ አከርካሪ እሱ ነው። ግቡን የመታችሁባቸው ቀናት ሳይቋረጡ ይቆጠራሉ፣ ቁጥሩ በትልቁ ፊት ለፊት ይጻፋል፣ አንድ ቀን ከጎደለ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በአምስተኛው ቀን ይህ ቀጭን ክር ነው፤ ቢበጠስ ማንም አያዝንም። በ200ኛው ቀን ንብረት ይሆናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት ሰው አንድን ነገር ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ነገር ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይበልጣል። አፑ ይህን ያውቃል። በየቀኑ አንድ ትንሽ ነገር ይሰጠኛል፣ ማታ ማታ ደግሞ የሰጠኝን በሙሉ ሊወስድብኝ ያስፈራራኛል።

በ211ኛው ቀን ጉንፋን ያዘኝ። ትኩሳቴ 39 ነበር። ጋሻ የሚሉት ነገር አለ፤ አፑ ራሱ በሚሰጠው የጨዋታ ሳንቲም ይገዛል፣ አንድ ያመለጠ ቀን ይሸፍናል። የእኔ ሳንቲም አልበቃም። ስለዚህ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አልጋዬን ዞርኩ። ዞርኩ ስል ዝም ብዬ አይደለም፤ 4,000 እርምጃ ይቀረኝ ነበር። ራሴን እያዞረኝ የአልጋውን እግር ተደግፌ ሳርፍ፣ ስልኬ ድምፅ አሰማ። ኤሊዋ ታለቅሳለች። «አትተወኝ» ይላል ጽሑፉ።

ጋሻውን ማን እንደፈለሰፈው ልጄን ጠየቅኳት። «እማ፣ ለደግነት ነው የተሠራው» አለች፣ «ሰው ተከታታይ ቀኑ ሲበጠስ አፑን ከነጭራሹ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ…» ብላ ሳትጨርስ አቆመች። ዓረፍተ ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ሁለታችንም ሰማነው። በኋላ ሌላ ነገር ነገረችኝ፦ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሃብ የሚባለው መድረክ በየሰዉ ገጽ ላይ ይህን የተከታታይ ቀን ቁጥር ያሳይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አነሳው። ሲነሳ ያዘኑም ደስ ያላቸውም ነበሩ። ማንሳት እንደሚቻል ግን በዚህ ታወቀ።

በ263ኛው ቀን ደግሞ የኩባንያው ሰርቨር ተበላሸ። 11,000 ተራምጄ፣ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ፣ ጠዋት ስነሳ ተከታታይ ቀኔ ዜሮ ሆኗል። ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ፣ የስክሪን ፎቶ ጠየቁኝ፣ ላክሁ፣ በሦስተኛው ቀን መለሱልኝ። ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ሰርቨሩ አይደለም። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ቡና እየጠጣሁ፣ ትከሻዬ ቀሎኝ አገኘሁት። ዛሬ የሚጠበቅብኝ የለም። ያን ቀን ሳልቆጥር ወጣሁ፣ መንገድ ላይ የድሮ ተማሪዬ እናት አስቆመችኝ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን ተጫወትን። ያኔ ነው ያስተዋልኩት፤ ለወራት ሰው ሰላም ስል ሳልቆም፣ እጄን እያወዛወዝኩ ነበር የማልፈው። መቆም እርምጃ አይሆንም።

ጆርዳን ኤትኪን የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመችው ሥራ ይህንኑ ነገር ፈትኖታል። እርምጃቸው የተቆጠረላቸው ሰዎች የበለጠ ተራመዱ፤ የእግር ጉዞው ግን ያነሰ ደስ አላቸው። ቁጥሩ መራመድን ሥራ አደረገባቸው። ልጄ ለዚህ «ግን የበለጠ ተራምደዋል» የሚል መልስ አላት። መልሷ ልክ ነው፣ ሐኪሜም ከእሷ ጋር ይቆማል። እኔ የምጠይቀው በሚቀጥለው ዓመትስ ይራመዳሉ ወይ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ የማልወደው ነገር አስታወስኩ። በ31 ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ የኮከብ ተለጣፊ ደብተር ላይ እንደለጠፍኩ አላውቅም። አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ የደብተሯ ጠርዝ ላይ ሳልጠይቃት የራሷን ጥያቄ እየፈጠረች የምትፈታ። ደስ ብሎኝ ጠርዙ ላይም ኮከብ መለጠፍ ጀመርኩ። አንድ ሳምንት ተለጣፊ አለቀብኝ። «ቲቸር፣ ኮከብ ከሌለው ልተወው?» አለችኝ። ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 በሕጻናት ላይ ያዩት ይኸው ነው፤ ሥዕል መሳል የሚወዱ ልጆች ብትስሉ ሽልማት ታገኛላችሁ ተብለው ተሸለሙ፣ በኋላ በራሳቸው ነጻ ጊዜ ሲስሉ የሚያጠፉት ጊዜ ቀነሰ። ሽልማት ያልተነገራቸው ልጆች ላይ ይህ አልታየም። ጥናቱን ያነበብኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ወደ ሊጉ ልለፍ። በየሳምንቱ ከማላውቃቸው 29 ሰዎች ጋር በአንድ የደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ እከተታለሁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ያድጋሉ፣ የመጨረሻዎቹ አምስት ይወርዳሉ። በብር ሊግ ሳለሁ አንድ ሰው በየቀኑ 60,000 ያህል ያስመዘግብ ነበር። በሰዓት 6,000 ያለ እረፍት ቢራመድ እንኳ አሥር ሰዓት ነው። ይቻላል፣ ግን በየቀኑ? የሶፋው ሙከራዬ ትዝ አለኝ። ከዚያ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ማታ መጽሐፍ ሳነብ በግራ እጄ ስልኩን መነቅነቅ ጀመርኩ። ወደ ታች እንዳልወርድ ብቻ ብዬ። የመልመጃውን መልስ ከመጽሐፉ ጀርባ ሲገለብጡ ስንቱን ተማሪ ቀጥቻለሁ መሰላችሁ፤ እነሱ ቢያንስ 15 ዓመታቸው ነበር።

ኢኮኖሚስቱ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ያነሳው ሐሳብ በስሙ ይጠራል፤ ዛሬ ሰዎች የሚያውቁት፣ መለኪያ ግብ ሲሆን መለኪያነቱ ይበላሻል በሚለው መልኩ ነው። መምህራን ይህን ከእሱ መማር አያስፈልገንም፣ «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» የሚለውን ጥያቄ በየቀኑ እንሰማለንና። ነገሩ የባሰብኝ ስልኬ ቻርጅ ላይ ሳለ መስኮት ለመዝጋት መነሳት ያቃተኝ ቀን ነው። ሳይቆጠር የሚባክን እርምጃ ሆኖ ታየኝ። እንድራመድ የመጣ አፕ ከወንበሬ እንዳልነሳ አደረገኝ።

የዕለቱን የስጦታ ሳጥን በአጭሩ ላንሳው። አንዳንዴ 5 ሳንቲም፣ አንዳንዴ 500፣ ብዙ ጊዜ ምንም የማይረባ ነገር ይወጣበታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር እርግቦችን አዝራር ሲያስነካ ያየው ነው፤ ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ ካልታወቀ እርግቧ መንካቷን አትተውም። የቁማር ማሽኖችም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። ሳጥኑን ለመክፈት መራመድ አያስፈልግም፣ አፑን መክፈት ብቻ በቂ ነው።

ለዚህ ነው ልጄን አንድ ቀን እራት ላይ ያፋጠጥኳት። «እናንተ ቤት ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ የሚታየው ቁጥር ምንድን ነው?»

«ዛሬ ስንት ሰው አፑን ከፈተ፣ ከባለፈው ወር ስንቱ ቀረ» አለች።

«ስንት ሰው ተራመደ የሚል የለም?»

«እኛ የእርምጃ አፕ አይደለንም፣ እማ።»

«የእርምጃ አፕ ብትሆኑስ?»

አሰበች። ልጄ ስታስብ ሹካዋን ታስቀምጣለች። «ያው ነው» አለች።

ይህ ነው የገባኝ። አፑ ለእኔ ነጥብ ይሰጠኛል፣ እሱም በሌላ ቦታ ነጥብ ይሰጠዋል፣ የእሱ ፈተና ደግሞ የእኔ ጉልበት አይደለም፣ የእኔ ጣት ነው። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ እኔ እንድራመድ ካደረገኝ እከፍተዋለሁ። ልማዱ ከያዘኝ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ራሷን ችላ በየጠዋቱ የምትራመድ ሴት ለሐኪሟ ስኬት ናት፤ ለአፑ ግን አንድ የቀነሰ ተጠቃሚ ናት። ስለዚህ ነጥቡ፣ ሊጉ፣ ሳጥኑና የምታለቅሰው ኤሊ እየበዙ የመጡት እኔ በደካማነቴ ዘመን አይደለም። ከበረታሁ በኋላ ነው። የኖቲፊኬሽኑን ታሪክ መለስ ብዬ ቆጠርኩት፦ በመጀመሪያው ወር በቀን ሁለት፣ በአሥረኛው ወር በቀን ሰባት።

አሁን የማመሰግነውን ላመስግን፤ ካላመሰገንኩ ግፍ ይሆናል። አፑ ውስጥ «የቡድን ጉዞ» የሚባል፣ ማንም የማያስተዋውቀው፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ የተደበቀ ነገር አለ። ሦስት ሆነን ገባን፤ እኔ፣ የፊዚክሱ አስተማሪና የቤተ መጻሕፍት ኃላፊያችን፣ ሦስታችንም ጡረተኞች። ግቡ የጋራ ነው፦ በወር 500,000 እርምጃ፣ ማን ስንት እንዳዋጣ ብንፈልግ ይታያል፣ ባንፈልግ አይታይም። እኛ ደበቅነው። አንዷ ጉልበቷን ታማ ሁለት ሳምንት ስትተኛ እኔና ጓደኛዬ ጨመር አደረግን፤ እሷ አልጠየቀችም፣ እኛም አልነገርናትም። ደረጃ የለውም፣ ኤሊ የለውም፣ ሳንቲም የለውም። በ14 ወር ውስጥ ዝናብ እየጣለ ደስ ብሎኝ የወጣሁት በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ሰውን ከውስጥ የሚያንቀሳቅሱት ሦስት ነገሮች ናቸው ይላሉ፦ በራስ ፈቃድ መሆን፣ እየቻሉ መምጣት፣ ከሰው ጋር መገናኘት። ሳምንታዊው ግራፍ ሁለተኛውን ይሰጠኛል፣ የቡድን ጉዞው ሦስተኛውን። የመጀመሪያውን ለማግኘት ሴቲንግ ውስጥ መግባት ነበረብኝ።

በ388ኛው ቀን ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ወጣሁ። ሆን ብዬ ነው። ማታ ስከፍተው ኤሊዋ በጀርባዋ ተገልብጣ እግሮቿን ታወናጭፋለች፤ ከሥሯ «ተከታታይ ቀንህን በ900 ሳንቲም መልስ» የሚል ቁልፍ። ሳንቲሙ ነበረኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ፣ አልዋሽም። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ «እንዴት አድርገው ነው የሳሏት፣ ያሳዝናል እኮ» አለች፣ በባለሙያ ዓይን።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምጠቀመው። ሊጉን ዘግቻለሁ፤ «ፕሮፋይል» ውስጥ «የግል» የሚለውን ስትመርጡ ይጠፋል። ከ«ተነስ» በስተቀር ኖቲፊኬሽን በሙሉ ጠፍቷል። ግቤን 7,000 አድርጌዋለሁ። ጂፒኤሱን አጥፉት፣ ካላጠፋችሁት ባትሪው ከሰዓት በኋላ ያልቃል፣ የምትሄዱበትንም ሁሉ ይመዘግባል፤ ለእርምጃ ቆጠራ ደግሞ አያስፈልግም። ተከታታይ ቀኑን መደበቅ አይቻልም፣ ግን አሁን ቁጥሩ 3 ወይም 5 ስለሆነ አያስፈራራኝም። የደም ስኳሬ ወደ ደህናው መስመር ተመልሷል። ለዚህ ግማሹን ምስጋና ለአፑ እሰጣለሁ፤ በተለይ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራቱ። የሚከፈልበትን ወርሃዊ አገልግሎት አትግዙ፤ የሚጨምረው ጋሻና የኤሊዋን ኮፍያ ብቻ ነው።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። ሁለት ወር ብቻ ተጠቅሜ ብገመግም አምስት እሰጥ ነበር፤ አፑም ግምገማ የሚለምነው ልክ በዚያ ሰሞን ነው፣ የመጀመሪያውን ወርቃማ ባጅ ባገኛችሁ በደቂቃው።

ባለፈው ሳምንት ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ነገር ጠየቅኳቸው፦ ሳንቲም የማያስከፍል የእረፍት ቀን፣ ቢያንስ ለታመመ ሰው፤ እና ለሴቶች «አንቺ» የሚል አማርኛ። በማግስቱ መልስ መጣ። «ውድ ተጠቃሚያችን፣ አስተያየትህ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» ይላል፤ ከሥሩ 50 ሳንቲም ተሰጥቶኛል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አፑን ከፍቼ ካልተቀበልኩት ይጠፋል።